የቁጥሩ ወላጆች

መምህር ጌታሁን ገብረ ኢየሱስ ቡሬ ከተማ ውስጥ በሁለት ስም ይጠራል። ትልልቅ ሰዎች «የመሪጌታ ልጅ» ይሉታል። ያስተማራቸው ደግሞ፣ እሱ የማይሰማ ሲመስላቸው፣ «ቲቸር ግደፍ» ይሉታል። ይህን ሁለተኛ ስም ያወጣለት የራሱ አፍ ነው። ሌላው የሒሳብ መምህር «አካፍሉ» በሚልበት ቦታ እሱ «ግደፉ» ይላል። «ይህን ቁጥር በሰባት ግደፉት፤ ስንት ተረፈ?» አነጋገሩ የቤተ ክህነት ነው። ጾሙና በዓሉ የሚወጣው የዓለሙን ዘመን በአሥራ ዘጠኝ፣ በአራት፣ በሰባት እየገደፉ፣ ማለትም ተካፍሎ ያለቀውን እየጣሉ፣ የተረፈውን በመያዝ ነውና።

የተወለደው ቋሪት ነው፤ ከገበዝ ማርያም አለፍ ብሎ። አባቱ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ይህንኑ የዘመን ቆጠራ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ጉባኤ ወረቀት የለም። ተማሪው ዓይኑን ይጨፍንና አውራ ጣቱን በቀሩት ጣቶቹ አንጓ ላይ እያስሄደ በቃሉ ይገድፋል። ከሳተ አለንጋ አለ። ለሌላው ተማሪ አንድ ከሆነ ለልጃቸው ሁለት ነበር። «ለልጁ አደላ እንዳልባል» ይሉ ነበር።

ጌታሁን ዱላውን ሸሽቶ ፍኖተ ሰላም ዘመዶቹ ዘንድ ገባና አስኳላ ተመዘገበ። አባቱ ፈልገው መጡ። በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ረጅም የማካፈል ሒሳብ ሲያዩ ቆዩ፤ ልጃቸውንም አስጠርተው፣ «ቁጥሩን ይዘህብኝ ሄድህ፤ ለእኔ ዱላው ቀረ» አሉት። ስቀው ነው የተናገሩት። ዳግመኛ ግን ና አላሉትም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቡሬ ተመደበ። አስካለ ማርያምን አገባ። አንድ ልጅ ወለዱ፤ ስመኘው አሉት። ጌታሁን ለዚህ ልጅ አንድም ቀን ባሕረ ሐሳብ አላስተማረውም። ትምህርቱና አለንጋው በልቡ ውስጥ ተጣብቀው ስለቀሩ አንዱን ያለ ሌላው ማውጣት አልሆነለትም። በምትኩ ብቸኛ ቁጥሮችን ሰጠው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ማንም የማያካፍላቸውን።

«የቀረው ቁጥር ሁሉ ከእነዚህ የተወለደ ነው» አለው። «ወላጆቹም አይለዋወጡም። እዚህ ብትፈታው፣ ቻይና ብትፈታው፣ ያው እነዚያው ናቸው። ሰው በወላጁ ሊያብል ይችላል፤ ቁጥር አይችልም።»

ልጁ ይህችን ነገር እንደ ማር ላሳት። አባትና ልጅ በእግራቸው ሲሄዱ ያገኙትን ታርጋ ሁሉ ይበትኑ ጀመር። አንድ ቀን ሁለት ሺህ ሃያ አንድ የሚል ታርጋ ያለው ባጃጅ ሲያልፍ ስመኘው፣ «አባየ፣ አርባ ሦስትና አርባ ሰባት!» ብሎ ጮኸ። ባለ ባጃጁ ደንግጦ ቆመ።

«ኧረ በማርያም! አራት ሰው ነው የጫንሁት!»

አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ስመኘው አንድ ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ይዞ መጣና ከሳሎኑ በር ጀርባ በትልልቁ ጻፈ፤ ሰባ ስድስት ሚሊዮን ሰባት መቶ አምሳ ስድስት ሺህ ሰማንያ ሰባት።

«ይቺን ይፍቱልኝ።»

«ምንድን ናት?»

«ሁለት ወላጆች አሏት። ሁለቱም ብቸኞች ነበሩ፤ እኔ ነኝ ያጋባኋቸው።»

«ጥሪ ሳይደርሰኝ?»

«ሞባይል ክልክል ነው። በእጅ ብቻ።»

አስካለ ከጓሮ ሰምታ፣ «ሁለታችሁንም ጠበል ነው የሚያሻችሁ» አለች።

ጌታሁን በሩ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁጥርን እንደ እንግዳ ሰው ገጽታውን አይቶ መጀመር ልማዱ ነው። መጨረሻው ሰባት ነው፤ እንግዲህ የወላጆቹ መጨረሻ ወይ አንድና ሰባት ነው፣ ወይ ሦስትና ዘጠኝ። ለሁለት የሚከፈል ወላጅ ሊኖረው አይችልም። አኃዞቹ ሲደመሩ ለሦስት አይመቹም። በአራት ሲገደፍ ሦስት ይተርፋል፤ ዘመን ቢሆን ኖሮ ዘመነ ሉቃስ ይባል ነበር። «ልጅሽ የጻፋት ቁጥር ሉቃስ ናት» አላት ለሚስቱ። ከዚያ በኋላ ግን አቋራጭ የለም። ብቸኞቹን ከትንሹ ጀምሮ አንድ በአንድ እያመጡ ማካፈል ነው። ሰባት፤ ተረፈ። አሥራ አንድ፤ ተረፈ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፤ ሁሉም ተረፋቸው። በሳምንታት መቶዎቹን፣ በወራት ሺዎቹን አለፈ። ልጁ ከደጅ በገባ ቁጥር፣ «የት ደረሱ?» ይላል። አባቱ ይነግረዋል። ስመኘው ከንፈሩን ይነክሳል። ከዚያ ፊት ላይ የመቅረብንም የመራቅንም ፍንጭ ለማግኘት ጌታሁን ብዙ ሞክሮ አልተሳካለትም።

ከዚያ አገሩ ታመመ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ጠረጴዛው ተፈልጦ ማገዶ ሆነ፤ ሰሌዳው የማን ቤት ጣሪያ እንደሆነ አይታወቅም። ጌታሁን ደመወዝ በመጣ ወር ይቀበላል፣ ባልመጣ ወር ይቀመጣል። በሐምሌ አንድ ጠዋት ስመኘው የዝናብ ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ አልተመለሰም። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም። በዚያ ክረምት ከቡሬ የወጣ ወጣት የት እንደሄደ አይጠየቅም።

ከመስቀል በኋላ ወሬ መጣ። አንዱ ሽንዲ ማዶ ወድቋል አለ። ሌላው ፈረስ ቤት ገበያ በዓይኔ አየሁት ብሎ ማለ። ስልክ የለም። ጌታሁን ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄዶ ቁስለኛ ይታከምበታል በተባለበት፣ ሰው ታስሮበታል በተባለበት ሁሉ ጠየቀ። የሚያውቅ አልተገኘም።

መርዶ ነጋሪ የሌለው ሞት ለቤተሰብ ክፉ ነው። ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው በርህን ካላንኳኩ ማልቀስ አትችልም፤ ቄሱም በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይፈቱም። ካላለቀስህ ደግሞ ሟችህ ሳይሸኝ ይቀራል። ጎረቤታቸው ያምሮት አንድ ቀን ደፍራ ተናገረች።

«እትየ አስካለ፣ ያልተለቀሰለት ሰው ነፍሱ ደጅ ትቀራለች ይላሉ።»

«ላንቺው ልጅ አልቅሺለት!» አለቻት አስካለ። ጎረቤቶቹ ከዚያ ወዲያ አፋቸውን ዘጉ። አስካለ ለቅሶ ቤት መሄድም ተወች፤ ልጅ ሜዳ ላይ እያለ የሰው ሬሳ መሸኘት መጥፎ ገድ እንዳይሆን ፈርታ። ባሏን ግን፣ «ወይ አለ በለኝና ልጠብቀው፣ ወይ የለም በለኝና ላልቅሰው። በመሐል አታስቀምጠኝ» ትለዋለች።

ጌታሁን ያን ጊዜ ነው በሩን የተመለከተው። የዚያን ቁጥር ወላጆች የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ኑዕማን የጌታሁን የድሮ ተማሪ ነው፤ በሽንዲና በቡሬ መካከል በርበሬ ይነግዳል። በየትኛውም ወገን ኬላ ላይ የሚያውቀው ሰው አያጣም። ጌታሁን ጠርቶ፣ ስመኘው አለበት በሚባለው ሁሉ ቁጥሩን ይዞ እንዲጠይቅለት ነገረው። ወረቀት መስጠት አይታሰብም፤ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ሰው ምን ብሎ ያስረዳል?

«ቲቸር፣ የእርስዎን ሒሳብ ወድቄያለሁ» አለ ኑዕማን። «ቁርኣን ግን በልጅነቴ ቀርቻለሁ። እንደ አያው አንቀጽ በአንቀጽ ይበሉልኝ፣ ልሸምድደው።»

ጌታሁን ደጋግሞ አለለት፤ እሱም ተቀበለ። «ወላጆቹን ላክልኝ በለው። ሌላ አትጨምር።»

«እርስዎ መልሱን ያውቁታል?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«አባዛቸዋለሁ። መፈለጉ ዓመታት ይፈጃል፤ ማረጋገጡ ግን አንድ ማባዛት ነው።»

«እንዲህ ያለ ምስክር በርበሬ ተራም ቢኖረን!» ብሎ ሳቀና ሄደ።

የተመለሰው በገበያ ቀን ነው፤ በርበሬውን ሳያራግፍ በቀጥታ መጣ። አስካለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ኑዕማን ዓይኑን ከደን አደረገና እንደ ተማረው ወረደው።

«አሥራ ዘጠኝ። እና አራት ሚሊዮን፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ፣ ሰባት መቶ ዘጠና አራት።»

ጌታሁን ሳያባዛ ነው ያወቀው። በአራት የሚያልቅ ቁጥር፣ ለሁለት እኩል የሚከፈል፣ በሰባት የሚያልቅ ልጅ አይወልድም። አሥራ ዘጠኝንም በመጀመሪያው ቀን ነው ሞክሮ የጣለው። እጁ ግን ጠመኔውን አንስቶ አባዛ። ሚስቱ በጀርባው ቆማ ትተነፍሳለች፤ ከምልክቶቹ አንዱንም አታነብም። ብዜቱ ወጣ። ሰባ ስድስት ሚሊዮን ሰባት መቶ አምሳ ስድስት ሺህ ሰማንያ ስድስት።

አንድ ጎደለ።

ለትንፋሽ ያህል ልቡ ተነሣ። አንድ ምን አላት? የኑዕማን ምላስ ስታ ይሆናል፤ መንገድ ላይ አንድ አኃዝ ወድቃ ይሆናል። ግን ቢለዋውጠውስ? ከሁለተኛው ቁጥር የፈለገውን አኃዝ ቢነካ አሥራ ዘጠኝ ያንን ቁጥር ሊወልድ አይችልም። በቁጥር አገር በአንድ የተሳሳተና በሚሊዮን የተሳሳተ እኩል ባዕድ ናቸው።

ደግሞስ ለምን አንድ?

ይህን ሲጠይቅ አውራ ጣቱ ራሷን ችላ በጣቶቹ አንጓ ላይ መሄድ ጀመረች። የአባቱ ድምፅ ከቋሪት መጣ። ዘመን በአሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ ከተረፈው ላይ አንድ ይነሣል፤ ያለንበት ዓመት ገና አላለቀምና። «ያልጨረስከውን ዘመን አትቁጠር!» ይላሉ፤ አለንጋው ይከተላል። ቁጥሩን በአሥራ ዘጠኝ የገደፈ ሰው አንድ ተርፎታል። ያቺን አንድ ስለ ዘመኑ አንሥቶ ጥሏታል። ምንም አልቀረም። ለእሱ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ተካፍሏል።

ያ ሰው የአብነት ተማሪ ነው። ስመኘው ይህን ሥርዓት አያውቅም፤ ጌታሁን ራሱ ነው የከለከለው። ደግሞም ስመኘው በሕይወት ቢኖር ማስላት ለምን ያስፈልጋል? ሁለቱን ቁጥሮች እንደ ስሙ ይጠራቸው ነበር።

«ልክ ነው?» አለች አስካለ።

ዞረና አያት። ከሐምሌ ወዲህ ሥጋዋ አልቆ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። እውነቱን ሊነግራት ነበር ይህን ሁሉ ያደረገው። አንደበቱ ላይ የነበረውም እውነቱ ነው።

«ልክ ነው» አላት።

እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ አወጣ። ጌታሁን ብዜቱን በመዳፉ ጠረገና ኑዕማንን ሊሸኝ ወጣ። ከአጥሩ አጠገብ ያዘው።

«መልሱን የነገረህ ማን ነው?»

«ቀጭን ልጅ ነው፤ የቆዳ ደበሎ ቢያለብሱት የቆሎ ተማሪ ይመስላል። ስመኘው ዘብ ላይ ነው፣ እኔ እጠይቅልሃለሁ አለኝ። ቁጥሩን አስደገመኝና ዛፍ ሥር ሄደ። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ሲነካካ አየሁት፤ ጸሎት የሚያደርስ መስሎኝ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«እናቱን ደስ ይበልዎት በልልኝ አለ። ሲለኝ ግን ፊቴን አላየም።» ኑዕማን የመምህሩን ገጽ አየና ድምፁ ሰለለ። «ቲቸር... ልክ ነው ብለዋል እኮ።»

«ብያለሁ።»

ኑዕማን ሞት ሲሰማ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ የአስካለን እልልታ ሰምቶ ዋጠው። ጎንበስ ብሎ የመምህሩን ጉልበት ነካና ወደ በርበሬው ሄደ።

ጌታሁን ያን የማያውቀውን ልጅ ሊጠላው ሞክሮ አልቻለም። ያየው ይመስለዋል፤ ጓደኛውን ቀብሮ፣ ለአባቱ የሚልከው ደግ ውሸት ፍለጋ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚገድፍ። ማን ያውቃል፣ ያስተማሩት መምህር የመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ተማሪ ይሆናሉ። ቁጥሩ በዚያ መንገድ ከቋሪት ወጥቶ፣ አገር ዞሮ፣ የልጅ ልጃቸውን ሞት ለልጃቸው ሊናገር መጣ።

አስካለ መብላት ጀመረች። ለስመኘው ጋቢ የሚሆን ጥጥ ገዝታ ትፈትላለች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያገኘችውን ሁሉ፣ «አሥራ ዘጠኝ ብሎ ላከ ልጄ» ትላለች። ሰዎቹ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባቸው፣ «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል። ማታ ማታ፣ «እስኪ ድገመው፣ ሁለተኛው ማን ነበር?» ስትለው ጌታሁን ያንን በአራት የሚያልቅ ቁጥር ይደግምላታል። ትክክለኞቹን መፈለግ ግን ተወ። አራት ሺህን አልፎ ነበር።

የከበደው ሌላ ነገር ነው። ለቅሶ የብቻ ሥራ አይደለም። ሸራ ተጥሎ፣ ጎረቤት ተቀምጦ፣ አልቃሽ የሟቹን ጠባይ እያነሣች ካላወጣችው እንባ አይወርድም። እሱ ሟች አለው፤ ሸራ የለውም። አንድ ቀን ለዕድር ግዴታ ብቻ ከማያውቀው ሰው ለቅሶ ሄደ። አልቃሿ፣ «ወጥቶ የቀረ» የሚል ቃል ስትጥል ደረቱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ከቤት ይወጣል። ሙሾ ሰምቶ እንደ ባለቤት ያነባል። ወንዶቹ ይንሾካሾካሉ።

«ቲቸር ግደፍ ለሟች ምኑ ነው?»

«ሒሳብ ሳያስተምረው አልቀረም።»

«ሰውየው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እኮ ነው!»

«እንግዲያ ሟች ነዋ ያስተማረው።»

ወሬው ያምሮት ጆሮ ደረሰ፤ እሷም አላሳደረችውም።

«እትየ አስካለ፣ አንቺ እዚህ እልል ትያለሽ፣ ጋሼ ጌታሁን በየለቅሶው ያነባል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ገብቷል እንዴ?»

አስካለ አልተቆጣችም። የምትፈትለውን ጥጥ መሶቡ ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ የወፍጮ ቤቱ አባ ቂርቆስ ማረፋቸው ተሰማ፤ ባሏ ገና ጥሩንባው ሳያባራ ወጣ። ጥቂት ቆይታ ተከተለችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ለቅሶ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ነጠላዋን ለገበያ እንደምትለብሰው ነው የለበሰችው።

ጌታሁን ከሸራው ዳር፣ ከወንዶቹ ኋላ ተቀምጧል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አልቃሿ የአባ ቂርቆስን የዋህነት፣ ዱቄት የለበሰ ሽበታቸውን ታነሣለች፤ እሱ ግን የሚሰማው ሌላ ነገር መሆኑን ሚስቱ ከበሩ ሆና አየች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ፣ አባቱ ሲሞቱ እንኳ፣ እንዲህ ሲያለቅስ አላየችውም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እንባውን ሊጠርግ እጁን አነሣ፤ መልሶ ጣለው።

በሰዎቹ መካከል አልፋ ፊቱ ቆመች። ስለ ቁጥሩ አንድም ቃል አላነሣችም።

«ማንን ነው የምታለቅሰው?»

«አባ ቂርቆስን» ሊል አፉን ከፈተ። ግን አንገቱን ደፋ።

አስካለ ማርያም ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ እንደ ሐዘንተኛ መልሳ ለበሰች፤ የልጇንም ስም ጮኻ ጠራች። ሙሾው ተቋረጠ። ሴቶቹ ዞረው አዩዋት፤ ስሙን ያውቁታል፤ አንዲት ጀመረችው፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። የአባ ቂርቆስ ትልቋ ልጅ ፍሬሕይወት፣ አባቷን ገና ያልቀበረችው፣ ከተቀመጠችበት ሰሌን ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።